ብቻን ስኩባ መጥለቅ ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠላቂዎች፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ውሃ ውስጥ የሚወርዱ ሰዎች፣ በተሰበሰቡበት ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው ጭቅጭቅ ነው የሚያስነሳው። ግማሹ «እብደት ነው» ይላል። ሌላው ዝም ብሎ ይቆይና በኋላ ጠጋ ብሎ «እኔ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነው የምጠልቀው» ይላል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ነው።

በአጭሩ፣ ብቻን መጥለቅ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?

ለአብዛኛው ሰው አዎ፣ አደገኛ ነው። ጥቂት ሰዎች ደግሞ አደጋውን በልምድ፣ በሥልጠናና በመሣሪያ መቀነስ ይችላሉ። ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም።

ብቻችሁን ስለሆናችሁ ብልሽት አይበዛባችሁም። ማስክ የሚፈሰው፣ ክር የሚጠልፈው፣ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) የሚበላሸው ሁለት ሆናችሁም ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው። ሌላ የአየር ምንጭ፣ ሁለት ትርፍ እጅና ያልተደናገጠ ጭንቅላት አጠገባችሁ የለም። እነዚህን ሦስቱን ከቻላችሁ ይዛችሁ መውረድ አለባችሁ። ሁለቱ ይገዛሉ፣ ይለመዳሉም። ሦስተኛው ግን ገበያ ላይ የለም።

ሁለት ሆኖ የመጥለቅ ደንብ ከየት መጣ?

ከዋና። ዋናተኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ውሃ ማስገባት ከስኩባ የቀደመ ልማድ ነው። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 አየርን እንደ ፍላጎት የሚሰጠውን ሬጉሌተር ሲሠሩ ልማዱ አብሮ ወደ ጥልቁ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የብሪታንያ የስኩባ ክለብም ሆነ በ1966 የመጣው ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው ነው ያሳደጉት።

ምክንያትም ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች ብዙዎቹ የአየር ግፊት መለኪያ አልነበራቸውም። መንሳፈፊያ ጃኬትና ሁለተኛ አፍ ያለው ሬጉሌተርም የለም። አየር ማለቁን የሚያውቁት መተንፈስ ሲከብዳቸው ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ መጠባበቂያው መሣሪያ አጣማጅ ነበር፤ ጠላቂዎች «ባዲ» የሚሉት ማለት ነው። ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። ሰውየው ግን ያው ሰው ነው።

ጠላቂዎችን የሚገድለው በዋናነት ምንድን ነው?

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ወይም በአጭሩ ዳን የሚባለው ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2003 የሞቱ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን መዝገብ አገላብጠው በ2008 ውጤቱን አሳትመዋል። የአደጋው መነሻ ከታወቀላቸው ውስጥ 41 በመቶው የጀመረው በአየር ማነስ ወይም ማለቅ ነው። 20 በመቶው አንድ ነገር ይዞ ስላስቀራቸው ነው። 15 በመቶው የመሣሪያ ችግር ነው።

ይህን ቁጥር ብቻውን የሚጠልቅ ሰው ዓይን ሳየው ግማሽ ተስፋ፣ ግማሽ ስጋት ይታየኛል። የአየር ማለቅን መከላከል ይቻላል። መጠለፍንም በመቁረጫና በጥሩ አካሄድ መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ፤ ለሞት ያበቃው ጉዳት ከታወቀላቸው 26 በመቶው የልብ ችግር ነው። ለእሱ ምንም ዓይነት ትርፍ ሲሊንደር አይረዳም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አጣማጅ ካለኝ ግን ደህና ነኝ፣ አይደል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ያታልላል። አጣማጅ አለኝ ማለት አንድ ባሕር ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት መገኘት አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠልቁ ይህን ሞክሩ። ድንገት በማንኛዋም ሰከንድ ቁሙና «አሁን ትንፋሽ ወደ ውጭ ባወጣሁበት አየሬ ቢቆም እሱ ጋ እደርሳለሁ?» በሉ። በሙሉ ሳንባ አይደለም፤ አየር የሚቋረጠው ትንፋሽ አውጥታችሁ ልትስቡ ስትሉ ነውና። አጣማጃችሁ 3 ሜትር ላይ ከሆነና እያያችሁ ከሆነ ትደርሳላችሁ። 15 ሜትር ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ እያነሳ ከሆነ፣ ብቻችሁን ናችሁ። እንዲያውም ከብቻም የባሰ ነው። ብቻውን መሆኑን ያወቀ ሰው ትርፍ አየር ይዞ ይወርዳል። ሳያውቅ ብቻውን የሆነ ሰው ባዶ እጁን ነው።

የውሃ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች በዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። ቅር አይበላችሁ፣ እውነት ነው። አሠልጣኞችም አሉ። አምስት ጀማሪ ይዞ የወረደ አሠልጣኝ ራሱ ችግር ቢገጥመው የትኛው ተማሪ ያወጣዋል? በወረቀት ስድስት ሰው ነው፤ በተግባር ብቻውን ነው።

ጀልባ ላይ በአምስት ደቂቃ የተዋወቃችሁት አጣማጅም አለ። መሣሪያውን አታውቁትም፤ ችሎታውንም እንደዚያው። ሲደነግጥ የእናንተን ሬጉሌተር ከአፋችሁ ነጥቆ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «ብቻ መጥለቅ ይሻለኛል» የሚሉትን ሰዎች ስሜት እረዳለሁ። መፍትሔው ግን የግድ ብቸኝነት አይደለም። የታወቀ፣ የለመዳችሁት፣ አብሮ የሚዋኝ አጣማጅ ካላችሁ፣ ብቻውን ከሚጠልቅ ከማንም ጎበዝ ትበልጣላችሁ።

ምን ያህል ልምድ ያስፈልጋል?

ለዚሁ የተዘጋጁ ኮርሶች አሉ። ኤስዲአይ የሚባለው የማሠልጠኛ ድርጅት የብቻ ጠላቂ ኮርስ ቢያንስ 21 ዓመት ዕድሜና 100 ጊዜ ጠልቆ መመዝገብን ይጠይቃል። ፓዲም ራስን ስለመቻል የሚያስተምር ኮርስ አለው፤ እሱ 18 ዓመትና 100 ጊዜ መጥለቅ ነው የሚለው።

መቶ የመግቢያ በር ናት እንጂ ብቃት አይደለችም። መቶውንም ሞቅ ባለና ጥርት ባለ ውሃ፣ ከአስጎብኚ ኋላ እየተከተለ የቆጠረ ሰው አለ። አቅጣጫ ራሱ ይዞ አያውቅም፣ የአየር ዕቅድ አውጥቶ አያውቅም፣ መሣሪያውን እንኳ የሚገጥምለት ሌላ ሰው ነው። ከእሱ ይልቅ 60 ጊዜ ጠልቆ ሁሉንም በራሱ ያደረገ ሰው ይሻለኛል። ያም ሆኖ ሁለቱም ገና ናቸው።

ራሳችሁን ለመፈተን ከታመነ ሰው ጋር ሆናችሁ ይህን አድርጉ። ማስካችሁን አውልቁ። ያለ ማስክ ወደ ትርፉ ሬጉሌተር ቀይሩ። ያለ ማስክ ውጡ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሙ። ልባችሁ እየደለቀ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ስንት አየር ይበቃኛል?

ብዙ ሰው የሚዘለው ሒሳብ ይህ ነው። ቀላል ነው፣ አብረን እንሥራው።

በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ከላይኛው 2 እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ 3 እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ 4 እጥፍ ነው። አየራችሁም በዚያው ልክ ያልቃል። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይፈጃል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ አንዱ አንድ ከባቢ አየር ያህል ነው) ሲሞላ 2400 ሊትር ይይዛል። ሲታይ ብዙ ነው፤ 30 ሜትር ላይ ግን የ30 ደቂቃ አየር ነው፣ እሱም እስከ ጠብታዋ ከተሟጠጠ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ትንፋሹ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ሲሊንደር 30 ሜትር ላይ እምቢ አለ እንበል። በጎናችሁ ባለ 3 ሊትር መጠባበቂያ ይዛችኋል፣ 200 ባር፣ 600 ሊትር። ስለደነገጣችሁ በደቂቃ 30 ሊትር እንውሰድ። ቀይራችሁ ነገሩን እስክታረጋጉ አንድ ደቂቃ ብትቆዩ 120 ሊትር ሄደ። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣችሁ ላይ ለመድረስ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፤ በአማካይ ግፊቱ 250 ሊትር ገደማ ነው። ሰውነት የያዘውን ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲያወጣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ለመቆም 135 ሊትር። ድምሩ 505። የተረፈው 95 ሊትር ብቻ ነው። ታች ሌላ አንድ ደቂቃ ቢባክን፣ ለምሳሌ ክር ለመፍታት፣ ያቺ ደቂቃ 120 ሊትር ስለምትፈልግ መጠባበቂያው ይጎድላል። ያን ጊዜ 5 ሜትር ላይ መቆሙን ማሳጠር ይኖርባችኋል።

ስለዚህ ባለ 3 ሊትር ለ30 ሜትር ልክ ልኩን ነው። ለ18 ሜትር ግን እፎይ ያሰኛል።

በዋናው ሲሊንደር ደግሞ ከዋሻ ጠላቂዎች የመጣውን የሲሶ ደንብ ያዙ። ሲሶው መሄጃ፣ ሲሶው መመለሻ፣ ሲሶው የማይነካ።

በእጅ የምትያዘዋ ትንሿ ሲሊንደርስ አትበቃም?

እሷ 0.4 ሊትር ገደማ ናት። በ200 ባር 80 ሊትር ማለት ነው። 30 ሜትር ላይ ለደነገጠ ሰው የ40 ሰከንድ አየር ነው። ከ10 ሜትር ታወጣችኋለች። ከ30 ሜትር አታወጣችሁም።

ሌላ ምን ልያዝ?

መቁረጫ፣ ሁለት። ለምን ሁለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ 12 ሜትር ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላዬ የሲሊንደሩን ቫልቭ ያዘኝ። ቢላዬ እግሬ ላይ ታስሯል። ጎንበስ ስል ክሩ ይወጠራል፣ እጄ ቢላው ጋ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ፊልም ላይ እግር ላይ የታሰረ ቢላ ያምራል፤ እዚያ ግን ለምንም አልሆነኝም። የዚያን ዕለት አጣማጄ መጥቶ በሁለት ሰከንድ ቆረጠልኝ፣ ደግሞም ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ደረቴ ላይ፣ ሌላውን ወገቤ ላይ ነው የማስረው፣ በየትኛውም እጅ እንዲደረስባቸው። ስስ ክር ደግሞ ከቢላ ይልቅ በመቀስ ወይም በመንጠቆ መሰል መቁረጫ ይቀላል።

ትርፍ ማስክ ኪስ ውስጥ ይኑር። ሁለተኛ የመጥለቂያ ኮምፒውተር (ጥልቀትንና ጊዜን የሚከታተል) ወይም ቢያንስ ሰዓትና ጥልቀት መለኪያ። ምልክት መስጫ ፊኛ ከነማጠንጠኛው፣ ፉጨትና የእጅ ባትሪ። ብቻውን ራቅ ብሎ የወጣን ሰው ጀልባ ላይ ሆኖ በማዕበል መሃል ማየት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። ከጭንቅላታችሁ በላይ የሚቆም ደማቅ ፊኛ ግን ይታያል።

መጠባበቂያው ሲሊንደር የራሱ ሬጉሌተርና የራሱ ግፊት መለኪያ ይኑረው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት አፋችሁ ላይ ያለው የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እዩ። በስህተት መጠባበቂያውን እየተነፈሱ የወረዱ ሰዎች አሉ። ዋናው ሲሊንደር ሙሉ እንደሆነ ይቀመጣል፣ እነሱም መለኪያው አለመንቀሳቀሱን እያዩ ዛሬ አየር ቆጠብኩ ብለው ይደሰታሉ።

ራሴን ብስትስ?

የቀረው ሁሉ ሒሳብና ልምምድ ነው። ይህ ግን መልስ የለውም።

ውሃ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ሬጉሌተሩ ከአፉ ይወድቃል። አጠገቡ ሰው ካለ፣ ሊተርፍ የሚችልበት ዕድል አለ፤ አየር መንገዱን ይዞ ወደ ላይ የሚያወጣው አለ። ብቻውን ከሆነ ይሰምጣል። ነገሩ ይህን ያህል ነው። ማለሳለሻ ቃል ፈልጌለት አጥቻለሁ።

ራስን ወደ መሳት የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ናቸው። የልብ ምት መዛባት አንዱ ነው። ሌላው ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው፦ ውሃ ውስጥ ስንገባ ከእግርና ከእጅ ብዙ ደም ወደ ደረት ይሸሻል፣ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ግፊት ይጨምራል። አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ላይ፣ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ምልክቱ ያለ ምክንያት ማለክለክ፣ ሳል፣ ደረት ውስጥ የሚንቋቋ ድምፅ ነው። ሲጀምር ሬጉሌተሩ የተበላሸ ይመስላል። ሰው ሬጉሌተር እየቀያየረ ውድ ደቂቃ ያባክናል። እንዲህ ከተሰማችሁ ምክንያቱን ታች ሆናችሁ አትመርምሩ። ውጡ፤ ከውሃው ጨርሳችሁ ውጡ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ኦክስጅን ካለ ተቀበሉ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ኦክስጅን የበዛበት አየር፣ ናይትሮክስ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የጥልቀት ወሰኑን እንደ ግድግዳ ቁጠሩት። 32 በመቶ ኦክስጅን ላለው ድብልቅ የተለመደው ወሰን 34 ሜትር ገደማ ነው። ከወሰን አልፎ ኦክስጅን ሲመርዝ የሚያንቀጠቅጥ ጥቃት ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜም አያስጠነቅቅም።

የልብ በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ ራስ የማዞርና የመሳት ታሪክ ወይም በቅጡ ያልተያዘ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከአጣማጅ ጋርም ቢሆን መጥለቁን ከሐኪም ጋር ይነጋገርበት። ብቻውን ግን በፍጹም።

ምን ያህል ጥልቀት፣ የትስ ቦታ?

ጥልቅ ያልሆነ፣ የምታውቁት፣ በላዩ ጣሪያ የሌለው። የመርከብ ስብርባሪ ውስጥ መግባት፣ ዋሻ፣ መረብ የተጣለበት አካባቢ፣ ጠንካራ የባሕር ጅረት፣ ሁሉም ይቅሩ። የዋሻና የቴክኒክ ጠላቂዎች ውስጥ ብቻቸውን የሚገቡ እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱ ይህን ገጽ አያነቡም።

ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ የናይትሮጅን ስካር፣ ማለትም የተተነፈሰው ናይትሮጅን ጭንቅላትን ማፍዘዙ፣ በብዙ ሰው ላይ ይታያል። የሰከረ ሰው መስከሩን የሚነግረው ሌላ ሰው ነው፤ እናንተ ጋ ሌላ ሰው የለም። እኔ ብሆን ከ18 ወይም 20 ሜትር አልወርድም። አንዳንድ የቆዩ ጠላቂዎች ደግሞ ያለ መሣሪያ በአንድ ትንፋሽ ልትወርዱ ከምትችሉት ጥልቀት እጥፍ አትለፉ ይላሉ። ጥሩ መለኪያ ነው፣ ትዕቢትንም ያበርዳል።

በሪብሪዘር ብቻዬን መጥለቅስ?

አይሆንም። ሪብሪዘር የተተነፈሰውን አየር አጣርቶ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ምንም ዓይነት የመታፈን ስሜት ሳይሰማችሁ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። ያም ወደላይኛው ጥያቄ ይመልሰናል።

ሕግ ይከለክለዋል?

በአብዛኛው ቦታ የሚከለክላችሁ መንግሥት ሳይሆን የጀልባው ባለቤት ነው። ብዙ የመጥለቂያ ማዕከሎች የኮርሱን ካርድ ብታሳዩም እምቢ ይላሉ፤ መብታቸው ነው። ኢንሹራንስ ካላችሁ ብቻ መጥለቅን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ። ደብቆ መጥለቅ ከሁሉም የከፋ ነው። ፍለጋው የሚጀምረው መጥፋታችሁ ሲታወቅ ነውና።

ከመሄዴ በፊት ለማን ልንገር?

ዳር ላይ ለሚቀር አንድ ሰው። «ልጠልቅ ነው» ማለት አይበቃም። የት እንደምትገቡ፣ የት እንደምትወጡ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደውሉ፣ ካልደወላችሁ ማንን እንደሚጠራ በጽሑፍ ስጡት። ሰዓቱንም እውነተኛ አድርጉት። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት አሳልፎ የሚደውል ሰው የእውነቱ ቀን ሲመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጠራለት የለም።

ከወጣችሁ በኋላም ለሰዓታት ብቻችሁን አትሁኑ። የዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም ስንወጣ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣው፣ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመሙን ድካም ነው፣ የክንድ መደንዘዙን ሻንጣ ስለተሸከምኩ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህን ሰበብ የማይቀበል ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ዓመታት ብቻዬን ጠልቄ ምንም አልሆንኩም። አሁንም ልስጋ?

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሁለት መቶ ጊዜ ያለ ችግር መውጣት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ጎበዝ ናችሁ፣ ወይ እስካሁን አልተፈተናችሁም። ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እኔ የማየው ምልክት ትናንሽ ነገር ነው። መጠባበቂያውን «ለዛሬ 12 ሜትር ብቻ ነው» ብሎ መኪና ውስጥ መተው። በ200 ባር ፈንታ 120 ባር የቀረውን መጠባበቂያ ሳይሞሉ መድገም። ያለ ማስክ መለማመድን ከስድስት ወር በላይ መተው። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ለጊዜው አጣማጅ ፈልጉ።

ደግሞም የምትሄዱበት ምክንያት ይታይ። ጸጥታ ፈልጎ የሚጠልቅ ሰው አለ፣ ይገባኛል። ተናዶ፣ ተጣልቶ ወይም እንቅልፍ አጥቶ የመጣ ሰው ግን ያን ቀን ዳር ላይ ይቀመጥ።

ባለቤቴ ብቻውን መጥለቅ ያዘወትራል። ምን ልበለው?

«ተው» ብትዪው አይተውም፤ መደበቅ ይጀምራል። ይልቅ ጠይቂው። መጠባበቂያ ሲሊንደሩ ስንት ሊትር ነው? መጨረሻ የሞላው መቼ ነው? ከዛሬው ጥልቀት ለመውጣት ስንት ሊትር ይፈልጋል? መጨረሻ የልብ ምርመራ ያደረገው መቼ ነው? በስንት ሰዓት ካልደወለ ማንን ትጥሪያለሽ?

በደንብ የተዘጋጀ ሰው ለእነዚህ መልስ አለው፤ እንዲያውም መሣሪያውን ዘርግቶ ማስረዳት ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። «አታስቢ፣ እኔ አውቀዋለሁ» ካለሽ ግን የመኪናውን ቁልፍ ያዢና አብረሽው ሂጂ።